አህያውን «አንተ» ያለው ሰው

የድሬዳዋው መካኒክ አንተነህ በቀደም በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየ።

የፈረንሳይኛ የቃል ፈተና ሊፈተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ካለፈ ጅቡቲ ሄዶ የባቡር ሞተር ይማራል። ችግሩ የድሬ ልጅ መሆኑ ነው፤ ለትንሹም ለትልቁም «አንተ» ነው የሚለው። መምህርቱ አስካለ ስድስት ወር ሙሉ ለፍታበታለች።

«ለጓደኛህ "ቱ"፣ ለትልቅ ሰውና ለማታውቀው "ቩ"! ፈታኙን "ቱ" ካልከው አለቀልህ!»

«እሺ፣ አንቺ ብቻ አትናደጂ» ይላታል።

«ቩ፣ ቩ» እያለ ሲለማመድ ሙቀቱ አሸነፈውና እንቅልፍ ጣለው።

በሩ ተከፈተና አንድ አህያ ከረባት አስሮ ገባ። ከኋላው ጌታው ጆንያ ተሸክሞ ይከተላል። አህያው ሲያልፍ የአንተነህን እግር ረገጠው።

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ!»

ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። «አህያን "አንተ"?» አለ የበሩ ዘበኛ፤ ክንዱን ይዞም ችሎት አቀረበው።

ዳኛዋ ፍየል ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ክሱን አነበቡ፤ አንብበው ሲጨርሱ በሉት። በር ላይ ወደቆመው ከንቲባ ዞረው «አንተ፣ ውሃ አምጣ» ሲሉት ከንቲባው በክብሩ ደስ ብሎት ሮጠ። በዚያ አገር «አንተ» የሚባለው ሹም ብቻ ነበር፤ «እርስዎ» ለከብትና ለተራው ሰው ነው።

«ስምዎ ማነው?»

«አንተነህ።»

«ራሱን "አንተ ነህ" አለ!» ብሎ ሕዝቡ ተንጫጫ።

«ኧረ ስሜ ነው!»

«ከዛሬ ጀምሮ "እርስዎነዎት" ተብለዋል» ብለው ፈረዱ። እልልታው ቀለጠ። አህያውም ይቅር ብሎ የአንተነህን ጉንጭ ሳመ። አንተነህ ሊስቅ ሲል እናቱ ከሕዝቡ መሐል ብቅ አለች።

«እርስዎ ልጄ፣ ምሳዎን በሉ?»

«እማ፣ ልጅሽ እኮ ነኝ! "አንተ" በይኝ!»

«ሕጉ ነዋ፣ ምን ላድርግ?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

አንተነህ በፍየሏ እግር ላይ ወደቀ። ፍየሏ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና «እንግዲያው እርስዎም ከንቲባ ይሁኑ» አሉ። የድሮው ከንቲባ ኮቱን አውልቆ አለበሰው። እናቱም «አንተ የኔ ልጅ!» ብላ እጇን ዘረጋች። ዘሎ አቀፋት፤ አንገቷ ሥር ገብቶ እየሳቀ ሳማት። ጢሟ ኮሰኮሰው።

ዓይኑን ገለጠ።

ያቀፈው ፈታኙን ነበር፣ ሽበታሙን ፈረንሳዊ። አብራው የመጣችው አስካለ እዚያው ቆማ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች።

«ቩ ዛቬ ቢየን ዶርሚ?» አለው ሰውየው፤ በደንብ ተኙ ወይ ማለቱ ነው።

የስድስት ወሩ ትምህርት በነነ። «ዊ» አለ አንተነህ፣ «ኤ ቱዋ?» አዎ፣ አንተስ? መሆኑ ነው።

«አለቀ፣ በቃ» አለች አስካለ።

ሽማግሌው በጠራ የድሬ አማርኛ፣ ትከሻውን መታ እያደረገ፣ «አይ አንተ!» አለው። «በዚህ ሙቀት ማን ይተኛል? ና፣ ግባ በል!»