ብሎን የሚተርፋቸው እማማ ልየው

በየቤተሰቡና በየሰፈሩ የታመመ ኮምፒውተር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪም ይጠፋል፣ ጠበቃ ይጠፋል፣ የቧንቧ ሠራተኛማ በልመናም አይገኝ፤ እሱ ግን አለ። ካቻቢቴው ኪሱ ውስጥ ነው። ገና "ኮምፒውተሬ ትንሽ..." ብለው ሳይጨርሱ "እስቲ ልየው" ይላል። "ልየው" ካለ መፍታቱ አይቀርም፤ ከፈታ በኋላ መልሶ መግጠሙ ግን የእግዜር ፈቃድ ነው።

የዚህ ዘር ቁንጮ ክብርት እማማ ልየው ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን "እስቲ ልየው" ከአፋቸው ስለማይጠፋ ሰፈሩ ስማቸውን ለውጦ ጨርሷል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የስልክ ቀፎ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸውና ኮምፒውተር ሲመጣ እንግዳ አልሆነባቸውም። "ስልክና ኮምፒውተር የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው" ይላሉ። "አንዱን ያወቀ ሌላውን ሰላም ለማለት አያፍርም።"

ምራታቸው ወደዚህ ቤት የገባችው ይህን ሳታውቅ ነው። ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ጥንቁቅ፣ ዝምተኛ፣ የሕፃን ደም ሥር እንኳ በአንድ መርፌ የምታገኝ፣ በእጇም የምትኮራ። ከአማት ጋር መኖር ሲባል ብዙ ነገር ፈርታ ነበር፤ ሙያ የላትም ይሉኝ ይሆን፣ ልጄን ወሰደችብኝ ይሉኝ ይሆን እያለች። የሰው ኮምፒውተር በምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው ይጠብቁኛል ብላ ግን አላሰበችም።

መጀመሪያ ያየችው የጎረቤታቸውን የፋርማሲስቱን ነው። ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጥቶ፣ "እማማ፣ እንደ ወፍጮ እያጓራ አላሠራኝ አለ" አላቸው። እማማ ከፈቱት፣ የሚያጓራውን ማራገቢያ አገኙት፣ የስፌት መኪና ዘይታቸውን አምጥተው ጠብ ጠብ አደረጉበት። ድምፁ ቀጥ አለ።

"ሰማህ? ጸጥ!"

ሰውየው መርቋቸው ሄደ። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ለካ ድምፁ የጠፋው ማራገቢያው ጨርሶ ስለቆመ ኖሯል፤ መድኃኒት ቤቱ የተጠበሰ ፕላስቲክ መሽተት ጀምሯል። እማማ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ "ድሮም የነበረበት ነው" አሉት።

ምራቲቱ ቀስ በቀስ ሥርዓቱ ገባት። "እስቲ ልየው" መክፈቻው ነው፤ "ድሮም የነበረበት ነው" መዝጊያው። በሁለቱ መካከል የሚደርስ ጥፋት ባለቤት የለውም።

የጸሐፊዋማ ጉድ ነው። ይህች ጎረቤት ኪቦርዷ ላይ ሻይ ደፍታበት ይዛ መጣች። እማማ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ በሳሙና አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው መልሰው ገጠሙላት። እንደ አዲስ አብለጨለጨ። ችግሩ የ"መ" እና የ"ነ" ቁልፎች ጎረቤታሞች ስለሆኑ ሲገጠሙ ቤት መለዋወጣቸው ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ ስትጽፍ ቁልፉን እንጂ የኮምፒውተሩን መስኮት አታይም። ለአለቃዋ "ስለ መልካም ትብብርዎ እናመሰግናለን" ብላ የጻፈችው ደብዳቤ "ስለ ነልካን ትብብርዎ እማነሰግማለም" ሆኖ ደረሰ። አለቃዋ አስጠርተው፣ "ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?" አሏት። እማማ ይህን ሲሰሙ አልደነገጡም። "ፊደል የቆጠረ ሰው ቁልፍ እያየ ይጽፋል እንዴ?" ብለው ጭራሽ ወቀሷት።

ብሎን ሁልጊዜ ይተርፋቸዋል። የሰው ኮምፒውተር ከእማማ ቤት ሲወጣ፣ ሲገባ ከነበረው ይቀልላል። የተረፈውን በማርማላታ ጠርሙስ ያጠራቅሙና "ፋብሪካው ለማንኛውም ብሎ ነው የሚያበዛው" ይላሉ። አንዴ ደግሞ አልነሣ ያለ የአንድ ልብስ ሰፊ ኮምፒውተር አጥንት እስኪቀር በታትነው ላብ በላብ ሆነው ሳለ፣ ልጃቸው ከሥራ ገብቶ ጎንበስ አለና የዲቫይደሩን ማብሪያ ተጫነው። መብራቱ መጣ።

"እማዬ፣ ዲቫይደሩ እኮ ጠፍቶ ነው!"

"ታዲያ ሌላው ጤነኛ መሆኑ የታወቀው ስለከፈትኩት አይደለም?" አሉ።

እንዲህም ሆኖ ሰው መምጣቱን አልተወም። ምራቲቱ ይህ ነበር የሚገርማት። ኋላ ግን ስትታዘብ፣ እማማ የመጣውን ሁሉ አስቀምጠው ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ የታመመ ዘመድ እንዳለው ያስታውሳሉ፣ ማሽኑን እየፈቱ የባለቤቱን ልብ ያሳርፋሉ። ኮምፒውተሩ ታሞ ቢመለስም ሰውየው ድኖ ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ የእማማ ታላቅ ልጅ፣ የምራቲቱ ባል እህት፣ ካርቶን በካርቶን ላይ ደርድራ መጣች። የቤት ንድፍ ባለሙያ ናት። አሮጌው ኮምፒውተሯ የአንድ ትምህርት ቤት ንድፍ መሸከም አቅቶት፣ የምታስረክብበት ቀን ደግሞ ደርሶባት፣ የአዲስ ኮምፒውተር ዕቃ በየዓይነቱ ገዝታ ነበር።

"እማዬ፣ ለማሳየት ብቻ ነው ያመጣሁት። የሚገጥምልኝ ባለሙያ እጠራለሁ።"

"ባለሙያ? እኔስ ምንድን ነኝ?"

"አንቺማ እናቴ ነሽ።"

"እናት ባለሙያ አይደለችም?" ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ልጅቱ በእንባ ተረታች። ግን ወደ ምራቲቱ እየጠቆመች፣ "እሷ ከአጠገብሽ ካልተነሣች ብቻ ነው" አለች። "የእሷን እጅ አምናለሁ።" ከዚያ ወንድሟን ይዛ ጠረጴዛ የሚሆናት ፍለጋ ወጣች።

ምራቲቱ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሕግ አወጣች። "እማማ፣ ዘይት የለም። ውኃ የለም። መዶሻም የለም።"

"መዶሻ ማን አነሣ?" አሉ እማማ፣ መዶሻውን በእግራቸው ከወንበር ሥር እየገፉ።

ሥራው አማረ። ምራቲቱ መመሪያውን ጮክ ብላ እያነበበች፣ እማማ "ይህንንማ አውቀዋለሁ" እያሉ፣ ሣጥኑ ቆመ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ጠረጴዛው ላይ ተነጠፈ። መካከሉ ላይ የማሽኑ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ የሚቀመጥበት ካሬ ቦታ አለ፤ ከፀጉር የቀጠኑ የወርቅ መርፌዎች እንደ እህል ተዘርተውበታል። መመሪያው በቀይ ጽሑፍ "አይነካ" ይላል። ምራቲቱ ክዳኑን አነሣች።

"በይ አንቺ አስቀምጪው" አሉ እማማ ባልተለመደ ትሕትና። "ይህ የእኔ ዓይን ሥራ አይደለም።"

ምራቲቱ ፕሮሰሰሩን ከማንሣቷ በፊት ካቻቢቴው እማማ እጅ አጠገብ መሆኑን አየች። አንድ ነገር ሳይጎረጉሩ ላርቀው ብላ አነሣችውና በማዘርቦርዱ ላይ አሻገረችው። ከእማማ አዳንኩት ስትል ከራሷ ጣት ሾለከ። አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ መርፌዎቹ መካከል ወደቀ።

ምራቲቱ ጎንበስ ብላ አየች። አንድ ጥግ ላይ ያሉት መርፌዎች ዝናብ የጣለው ስንዴ መስለዋል። ፊቷ አመድ ሆነ። ብዙ ዓመት መርፌ የጨበጠችበት፣ "የእሷን እጅ አምናለሁ" የተባለለት እጅ!

"ድሮም የነበረበት ነው" ይሉልኝ ይሆን ብላ እማማን ቀና ብላ አየቻቸው። አላሉም። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና እህትና ወንድም ጠረጴዛ ተሸክመው ገቡ።

"እህስ፣ ደረሳችሁ?" አለች ታላቂቱ ልጅ። ቀርባ አየች። "ምን ሆኖ ነው?"

ምራቲቱ አፏን ከፈተች። ከጠረጴዛው ሥር የእማማ እግር የእሷን እግር ጥብቅ አድርጎ ረገጠው።

"እኔ ነኝ የኔ ልጅ" አሉ እማማ። "ካቻቢቴው ከእጄ አመለጠኝ።"

ልጅቱ እናቷን አየች፣ ምራቲቱን አየች፣ መልሳ እናቷን አየች። "እሺ" ብላ ውኃ ልትጠጣ ወደ ማድቤት ገባች። ልጃቸው ግን ጦፈ። "አላልኩሽም እማዬ? ስንቴ ተናገርኩ! ከዛሬ ጀምሮ ካቻቢቴ በእጅሽ እንዳላይ!" ካቻቢቴውን አንሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። እማማ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ምራቲቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ምላሷ ግን ታሰረ።

ወንድምና እህት ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ እማማ አጉሊ መነጽራቸውን፣ ቀጭን መርፌና ወረንጦ አመጡ።

"በይ አቅኚው።"

"እኔ? እማማ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው።"

"ይንቀጥቀጥ፣ ያልፍለታል። የስንቱን ሕፃን ደም ሥር ያገኘሽ ልጅ ለዚህ ነው?"

"ለምን እንዲህ አደረጉ?" አለች። "እኔ አጥፍቼ እርስዎ ተሰደቡ።"

"የእኔን ጥፋት ይህ ቤት ለምዶታል። አንድ ቢጨመርበት ማን ልብ ይለዋል? ያንቺ ግን የመጀመሪያሽ ነው። የመጀመሪያ ጥፋት ደግሞ እንደ ስም ይለጠፋል፤ እኔን አታይኝም? በይ እዬዬ አትበይብኝ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

እማማ መነጽሩን ያዙላት፣ እሷ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ቀና ቀና አደረገቻቸው። ጀርባዋ እስኪደነዝዝ ቆየች። ሲጨርሱ ፕሮሰሰሩን አስቀመጡ፣ ቀሪውን ገጣጠሙ፣ ዲቫይደሩ መብራቱን ሁለት ጊዜ አዩ። ማራገቢያው ዞረ፤ መስኮቱ በራ። ከአራቱ የራም ማስታወሻ ማስገቢያዎች አንዱ ብቻ እስከ ዛሬ አልሠራም ብሎ ቀርቷል። ልጅቱ ግን ንድፉን በቀኑ አስረከበች።

ምራቲቱ ግን እንቅልፍ አጣች። በሳምንቱ የባሏን እህት ቢሮዋ ድረስ ሄዳ አገኘቻት።

"እትዬ፣ የዚያን ቀን... ካቻቢቴው የወደቀው..."

"ካንቺ እጅ ነው። አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እማዬ ናታ።"

ምራቲቱ ክው አለች። "እሳቸው?"

"'እኔ ነኝ' አላለችም? ከተወለድኩ ጀምሮ እማዬ 'እኔ ነኝ' ስትል ሰምቻት አላውቅም። ቤቱን ብታቃጥለው እንኳ 'ድሮም ይጨስ ነበር' ነው የምትለው። የእሷ ጥፋት ቢሆንማ ካቻቢቴው ራሱ ዘሎ ነበር የሚወድቀው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እማዬ ራሷን ለማዳን ስትዋሽ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሌላ ሰው ለማዳን ስትዋሽ ሳያት አንጀቴን በላችው። ምን ብዬ ላበላሽባት?" አለችና ፈገግ አለች። "ወንድሜ ግን ሞኝ ነው፤ አልገባውም። እሱን አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ምራቲቱ ቤት ገብታ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ባሏ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣ ካቻቢቴውን ይዞ እናቱ ወደተቀመጡበት ሄደና ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው።

"ይቅር በይኝ እማዬ። ነግራኛለች።"

እማማ ካቻቢቴውን አላነሡም። ከልጃቸው ኋላ አንገቷን ደፍታ የቆመችውን ምራታቸውን ቀና ብለው አዩዋት፤ በእውነት የተቀየሙ ይመስሉ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ በዕድሜዬ አንዴ ጥፋተኛ ብሆን እሱንም ትነጥቂኝ?"