አራት ንጉሥ ይዞ መሸነፍ

ካርታ የዕድል ጨዋታ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፤ ከአለቃው ጋር ተጫውቶ አያውቅም ማለት ነው። ዕድል ካርታውን ታመጣላችኋለች፤ ብልሃት መቼ እንደምትጥሉት ይነግራችኋል፤ ማን ፊት እንደምትጥሉት የሚነግራችሁ ግን ጨዋነት ነው። ጨዋነት ስል ፍርሃት ማለቴ ነው። በደርግ ዘመን ሁለቱን የሚለይ ሰው አልገጠመኝም።

ጎፋ፣ በቀበሌያችን መዝናኛ ክበብ ውስጥ የፖከር ውድድር ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጨዋታውን ያመጣነው እኛ የፋብሪካ ሠራተኞች ነን፤ እኛን ያስተማረን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ግሪክ መካኒክ ነው። ቁማር የአድኃሪያን ልማድ ነው ስለተባለ በገንዘብ ፈንታ ሽምብራ እናስይዝ ነበር። ርቦት ሽምብራውን የቆረጠመ ከውድድር ይሰናበታል።

እኔ ሳላስበው ለፍጻሜ ደረስኩ። ፊት ለፊቴ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ። እሑድ ደግሞ ሠርጌ ነው። ሙሽራዪቱ ወሊሶ ናት፤ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም፤ ወረቀቱን የሚፈርመው ጓድ ደምሴ ደግሞ «ከውድድሩ በኋላ እናያለን» ብሎኛል። እንግዲህ ፍረዱኝ፣ ሚስት በሽምብራ ትለወጣለች?

ልሸነፍ ቆርጬ ተቀመጥኩ። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሽምብራችን እኩል እንደሆነ የመጨረሻው ዙር መጣ፤ ሰውየው ያለውን ሁሉ ወደ መሐል ገፋ። ካርታዬን ገለጥ አድርጌ ባየው አራት ንጉሥ፣ የማይረታ ካርታ! አብዮቱ አንዱን ለማውረድ ያን ያህል ደክሞ፣ አራቱ አንድ ላይ እኔ እጅ ምን ሊሠሩ መጡ? በላብ ተጠመቅኩ።

«ጥያለሁ ጓድ ሊቀመንበር፤ አሸንፈዋል» አልኩና ካርታዬን ከሌላው ጋር ልቀላቅል ስል አዳዩ እጄን ያዙኝ። አቶ ገመቹ የሚባሉ የላፍቶ ገበሬ ናቸው፤ አዳይ የተደረጉት ለማንም ስለማያዳሉ ነው።

«በክበባችን ደንብ የፍጻሜ ካርታ ለሕዝብ ይታያል» አሉና አራቱንም ንጉሥ ገለበጧቸው። የጓድ ደምሴንም ገለጡት፤ ሁለት ሰባት ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ካርታውን አየ፣ እኔን አየ።

«ነገ ጠዋት ቢሮ ና» ብሎኝ ወጣ። ስለ ሠርጌ ተስፋ ቆረጥኩ።

በነጋታው ስገባ በሩን ዘጋው። ወረቀቴ ተፈርሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ መዳፉን ጭኖበታል።

«አንተ ስለጣልክ አሸናፊው እኔ ነኝ፤ ያሸነፈ ሰው ደግሞ ከቀበሌ በላይ ካለው ከከፍተኛው ሊቀመንበር ጋር ይጫወታል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ ሰውዬ ደግሞ መሸነፍ አይወድም። እኔ እንዳንተ መጣል አልችልበትም። አሳየኝ።»

እፎይ! ካርታ አወጣንና አስተምረው ጀመር፤ ሰውየው ግን ለምዶበት ደጋግሞ አሸነፈኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት በመጨረሻ፣ «ይህ በትምህርት አይመጣም። ያንን ሰውዬ ያስቡት።»

አሰበው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ የሚቀጥለውን ጨዋታ እንደ ባለሙያ ተሸነፈ።

ከከፍተኛው ሰውዬ ጋር እንዴት እንደሆነለት አልጠየቅኩም። እኔ እሑድ ወሊሶ እየጨፈርኩ ነበር።