ያለ ቀሪ የተካፈለው ቁጥሬ

የደዋዩን ቁጥር አካፍሎ ሳይመረምር ስልክ የማያነሣ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ የደብረ ታቦሩ ጎረቤታችን አያ ዳምጤ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሙሽሮችን ስም ቆጥረው፣ በዐሥራ ሁለት ገድፈው፣ በሚተርፈው ቁጥር ኮከብ ሲያዩ ኖሩ። ልጃቸው ስልክ ከገዛላቸው ወዲህ ግን ወደ ረጃጅም ቁጥሮች ተሸጋገሩ።

እኔ ሰው አገር፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። በቅርቡ የስልክ ቁጥሬን ቀየርኩና፣ አዲሱ የእኔ መሆኑን በጽሑፍ መልእክት ልኬ ለእናቴ ደወልኩ። አታነሣም። በማግስቱም አታነሣም። ሳምንቱን ሙሉ ያላሰብኩት ክፉ፣ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። መርዶ የሚደበቀው ከሩቅ ሰው አይደለምን?

በመጨረሻ ከሐሙሲት እናቴን ልትጠይቅ የመጣችው እህቴ አነሣችው።

«እማዬ ሞተች?»

«ኧረ አታሟርቺ! ቁጥርሽን ፈርታ ነው። አያ ዳምጤ ለስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ቢያካፍሉት ምንም ሳይተርፍ አለቀ። የአውሬው ነው፣ እንዳታነሺ አሏት።»

ትስቁ ይሆናል። እኔም ልስቅ ብዬ አማተብኩ። ለዚያ ቁጥር ያለ ቀሪ የሚካፈል ሁሉ ለሦስትም እንደሚካፈል ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ከአምስተኛ ክፍል የቀረችኝ ሒሳብ ያቺ ናት።

«እስቲ ለሦስት ያካፍሉት በያቸው።»

እህቴ በአጥር በኩል ጠራቻቸው። ቆይቶ የአያ ዳምጤ ድምፅ ተሰማ፦ «አለቀ! ሥላሴም አሉበት!»

እናቴ ስልኩን ከእህቴ ነጠቀች። «ልጄ! ስትደውዪ ስልኩን አቅፌ አለቅስ ነበር እኮ!»

አሁን መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸግሮኛል፤ አሠሪዬ «ቀይሪው» ትለኛለች። እንዴት ብዬ ልቀይረው? የሚቀጥለው ለሦስት ባይካፈልስ?