አባ አዳነና የመንግሥት ዝርዝር

ሰው ስሙን ኢንተርኔት ላይ ሲያገኝ ደስ ይለዋል ያለው ማነው? አባ አዳነን አያውቃቸውም ማለት ነው።

አባ አዳነ እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛው ሕንፃ ታች የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጎንደር ሳሉ ገበሬ ነበሩ። ስንት ከብት እንደነበራቸው ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከብት ከተቆጠረ ረድኤቱ ይርቃል ባይ ናቸው። እዚህ አገር እንደገቡ ስለ ንብረታቸው የጠየቀቻቸውን ጸሐፊ እንኳ «እግዜር የሰጠንን ያህል ነበረን» ብለው ነው ያለፏት።

እኚህ ሰው ከጥቂት ጡረተኞች ጋር ማኅበር አቋቁመው ከመስኮታቸው ፊት ለፊት ያለውን ባዶ መሬት አለሙት። ቃሪያ አለ፣ ጎመን አለ። ጎመኑማ አፍ ውስጥ ነው የሚሟሟው። እንዴት አወቅህ አትበለኝ፣ ወዳጄ።

መንግሥትም ለዘርና ለውኃ ቱቦ ትንሽ ድጋፍ ሰጣቸው። ገንዘቡ የወጣው በሊቀ መንበሩ፣ በአባ አዳነ ስም ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የሰፈሩ ማዕከል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ስነካካ፣ ለእርሻ ድጋፍ ያገኙ ሰዎች ዝርዝር አይወጣልህም? የብርቱካን ባለጸጋውም የእኛው ጎመን ተካዩም በአንድ ገጽ ተደርድረዋል። መንግሥት ለማን ምን እንደሰጠ ሳይጠየቅ ሲናገር በዕድሜዬ ያን ቀን አየሁ። አልዋሽህም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ደስታዬን አምቄ መያዝ አቃተኝ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነገርኩ፣ ጸሎት ቤት ነገርኩ። ወሬ ደግሞ ታውቀዋለህ። ሳምንት ሳይሞላ «አባ አዳነ የመንግሥት ገንዘብ እየበሉ ነው» ሆኖ ተመለሰ። ሽማግሌው ሰላምታ ቀነሱ። ከዚያ ጭራሽ ወደ ጓሮው መውረድ ተዉ፤ ጎመኑ ይደርቅ ጀመር። በእኔ ምላስ የተነሳ እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ሲጎድፍ ማየት ከበደኝና ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ።

«አባ፣ ይኸ ግልጽነት ነው። ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም» አልኳቸው።

«ጥሩ ነገር ነው በለኛ፣ ይርጋ?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም፣ አባ።»

አሰብ አደረጉና «ይሁን» አሉ።

በሳምንቱ ድጋፉን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት፣ እዚህ ፕኪዳ የምንላት የቢሮ ሠራተኛ፣ ጓሮውን ልታይ መጣች። እኔ ለአስተርጓሚነት ተጠራሁ። ስደርስ ሰፈሩ የጓሮው በር ላይ ተሰብስቧል፤ ሚስቴ ዘውድነሽም አለች። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ካርቶን ተሰቅሏል። ከብቱን ቆጥሮ የማያውቀው ሰው ሁሉን ቆጥሯል! በልጅነታቸው ከቄስ በተማሩት ፊደል ቱቦውን በክንድ፣ ዘሩን በእፍኝ፣ ማን ምን እንደወሰደ በስሙ ጽፈውታል።

«ፕኪዳዋ አማርኛ አታውቅም፤ አንብብላት» አሉኝ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ በዕብራይስጥ አነበብኩ። የጀመሩት ከራሳቸው ነው። «አዳነ፦ ቃሪያ፣ ሁለት እፍኝ። የአዳነ ሚስት፦ ስድስት እፍኝ፤ ለእህቷ ስትልክ።» ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሪፖርት አላየሁም አለች። ሲያሙ የከረሙት አንገታቸውን ደፉ። እኔማ ኮራሁ፤ የእጄ ሥራ መሰለኝ።

የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ሴትዮዋ፣ ምነው አንድ ቀረ እኮ አለች። ፊደል የሚያውቀው ሁሉ እኔን ያያል። ዘውድነሽ ፊደል ታውቃለች።

«አንብብ እንጂ ልጄ» አሉ አባ አዳነ ረጋ ብለው። «ለሁሉም ጥሩ ነው ብለኸኝ የለም?»

አነበብኩ። «ይርጋ፦ ጎመን፣ ሦስት እስር፣ ሳያስፈቅድ። ለሚስቱ ከሹክ ገበያ ገዛሁ ብሏታል።»

አባ አዳነ በማግስቱ ወደ ጓሯቸው ወረዱ፤ የሚያማቸውም ጠፋ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጎመን ይዤ በገባሁ ቁጥር ሚስቴ ደረሰኝ ትጠይቀኛለች።