አየርላንዳዊው ጎረቤቴ እድር ሊገቡ ሲሉ

ሁለት ቋንቋ አውቃለሁ የሚል ሁሉ አስተርጓሚ ከሆነ፣ ሀገር ይፈርሳል! ማስረጃ ካስፈለጋችሁ... እኔው አለሁላችሁ።

ሌክ ሲቲ በሚባለው የስደት ሰፈራችን፣ ከአፓርታማዬ በር ፊት ለፊት፣ ሚስተር ሾን የሚባሉ አየርላንዳዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ የእድራችን ሰዎች ምግብና ወንበር ይዘን ቤታቸውን ሞላነው። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ሆነ፤ "እኔስ አባል መሆን አልችልም? ስሞት ማን ይቀብረኛል?"

ሶ፣ ባለፈው እሁድ ስብሰባ ይዣቸው ሄድኩ። አስተዋዋቂም አስተርጓሚም እኔ! አፌ መቼ ያርፋል...

"በሀገራቸው" አልኩ ደረቴን ነፍቼ፣ "'ሺን ፌን'፣ ትርጉሙም 'እኛ ብቻ' የሚባል የታወቀ ፓርቲ አለ።"

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኛ ብቻ? ታዲያ እኛ ዘንድ ምን ፈለጉ?"

"ኧረ ጋሼ፣ የእሳቸው ፓርቲ አይደለም..."

"እድሩን ሊገነጥሉብን ነዋ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔ ላብ በላብ።

ሚስተር ሾን እጅጌዬን ጎተት አድርገው "ምን አልካቸው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ! ብድግ ብለው ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ።

"'ብቻ' የሚል ቃል የለበትም! በእኛ በአየርላንዶች ቋንቋ 'ሺን' ማለት 'እኛ' ነው፤ 'ፌን' ደግሞ 'ራስ'። እኛው ራሳችን ማለት ነው። 'ብቻ' ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም የተጨመረ ነው።"

(አያችሁ? አበላሽቶ መተርጎም የጀመርኩት እኔ አይደለሁም!)

መምህር አይደሉ፣ ቀጠሉ። "'ፌን' ደግሞ አይለወጥም። ለእኔም፣ ለአንተም፣ ለእሷም፣ ለእነሱም ያው 'ፌን' ነው።"

ይህን እንኳ ፈራ ተባ እያልኩ ቃል በቃል ተረጎምኩት። የለቅሶ ቤት ምግብ የሚያስተባብሩት እትዬ ዘነበች ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"እንዴ! እኛ ራሴ፣ ራስህ፣ ራሷ ስንል እነሱ ለሁሉም አንድ ራስ ነው ያላቸው? ይሄማ ምን ፓርቲ ነው... እድር ነው እንጂ!"

ጋሽ ታደሰ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ይግቡ የምትሉ እጅ አውጡ" አሉ። አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ሚስተር ሾንም ምን እንደተባለ ሳይገባቸው እጃቸውን ከሁሉም ከፍ አድርገው አወጡ።

"ኖ፣ ኖ፣ እርስዎ ገና አባል አይደሉም..." ብዬ ላስረዳቸው ስጀምር ጋሽ ታደሰ ተቆጡኝ።

"አንተ ደግሞ መተርጎምህን ተውና ቁጠራቸው!"