«እኔን መጀመሪያ!» ያልኩበት ቅዳሜ

ቪዲዮውን ያያችሁት፣ አዎ፣ እኔው ነኝ። ያላያችሁት ደግሞ በእናታችሁ አትፈልጉት!

ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ ራሴው ልንገራችሁ ብዬ ነው። በአንድ ጣት እየለቀምኩ ነው የምጽፈው። ብርድ እንዳይመስላችሁ። ብርዱስ ለቆኛል።

ለአዲሶች፦ አንተነህ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ቤት አለችኝ። እዚህ ፔጅ ላይ ግን «ካፒቴን» ነኝ።

ማን ሾመኝ? ራሴ!

መርከብ አይቼ አላውቅም። ጀልባም ቢሆን ባሕር ዳር ላይ ከሩቅ ነው ያየሁት።

ነገሩ የጀመረው በሌላ ቪዲዮ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ ዓሣ አጥማጅ መጣብኝ። ሞቃት የባሕር ዳርቻ፣ ጥቁር መነጽር፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ። በየሳምንቱ ሪፖርት ያቀርባል። መጸው ገብቷል፣ ውሃው ግን ገና ሙቅ ነው፣ ዓሣው ወደ ዳር እየቀረበ ነው፣ ነፋሱ በዚህ በኩል ነው፣ ትላንት ይኼን የሚያክል ተያዘ ይላል። እጁን ዘርግቶ ያሳያል።

ፈዝዤ ቀረሁ።

እኛስ ወንዝ የለንም እንዴ? አልኩ። ብር አለ፣ ላህ አለ፣ ቡሬ በኩል ፈጣም አለ። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ውሃው ጎድሎ ሲጠራ፣ አምባዛውም ነጭ ዓሣውም ይገኛል። ጽጌን የሚጾመውም፣ «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» እያለ የሚከራከረውም፣ ሁሉም ዓሣ ዓሣ የሚልበት ሰሞን ነው።

እናም ሪፖርተር ሆንኩ! ሰደርያውንም አሰፋሁ። አሥራ አንድ ኪስ!

መጀመሪያ ሰሞን የምር ወንዝ እወርድ ነበር። በኋላ ግን... እንዴት ልበላችሁ... ሱቁን ማን ይጠብቅ? ፀሐዩስ? ስለዚህ የፈረንጁን ሪፖርት እሰማለሁ፣ የባሕሩን ስም አወጣለሁ፣ የወንዛችንን ስም አስገባለሁ። በቃ። መተዳደሪያዬም ኮፒ አይደል?

አንድ ጊዜ «ማዕበሉ ከሰዓት በኋላ ይረጋል» ብዬ ለጠፍኩ። አንዱ «ብር ወንዝ ማዕበል አለው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ለሚያውቅ አለው» አልኩት።

ላይኩ ጎረፈ!

ትላንት ዓርብ ጠዋት፣ የላሚኔሽን ማሽኑ እስኪሞቅ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቤተሰብ! ብር ወንዝ ጎድሏል፣ ጠርቷል፣ ረግቷል። ነገ ቅዳሜ ምርጥ ቀን ነው። መሐል ያለው ትልቁ ድንጋይ ድረስ በእግር ይገባል። እንዳያመልጣችሁ!»

ድንጋዩ ድረስ! ከወንበሬ ሳልነሳ!

ይኼን ጽሑፍ ጋሽ ይበልጣል አነበቡት።

ጋሽ ይበልጣል የባዮሎጂ አስተማሪዬ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልሞላም። ፔጄን እንደሚከታተሉ አላውቅም ነበር፤ ላይክ አያደርጉ፣ ኮሜንት አይጽፉ። ለካ ያነባሉ። ክፍል ውስጥ የተሳሳተ መልስ ስመልስ ዝም ብለው የሚያዩኝ ነገር ነበራቸው። እንደዛው ዝም ብለው ያነባሉ።

ዛሬ አራት ሰዓት ገደማ በባጃጅ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄድኩ፤ ከዚያ በበቆሎው መሐል ወረድኩ። ላይቭ ልገባ ነዋ! ሰደርያዬን ለብሻለሁ፣ ስልኬን በማቆሚያው ዳር ላይ ተክያለሁ፣ «ቤተሰብ! እንዴት ናችሁ!» ብያለሁ።

ዞር ስል ጋሽ ይበልጣል ድንጋዩ ላይ ቆመዋል።

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለዋል። መንጠቆ ያሰሩባት ቀጥ ያለች ዘንግ ይዘዋል። ሁለት ነጭ ዓሣ በጭራሮ ሰክተው አጠገባቸው አኑረዋል። እኔ በሁለት ዓመት እንደዛ ያለ ሁለት አልያዝኩም!

«ቤተሰብ፣ ተመልከቱ! የኛ ሪፖርት ውጤት!» አልኩ። ካሜራውን ወደሳቸው አዞርኩት።

«አንተነህ ነህ?» አሉኝ ከድንጋዩ ላይ። «ትላንት ወንዙን አይተኸው ነው የጻፍከው?»

«እንዴታ ጋሼ! ትላንት እዚሁ ነበርኩ!»

በላይቭ። ሕዝብ እየሰማ።

ወደ ውሃው አጎንብሰው አዩ። «እኔስ ቀለሙ አላማረኝም። ጠዋት ስገባ እንዲህ አልነበረም።»

እውነትም ደፍረስ ማለት ጀምሯል። ቅጠልና ጭራሮ እየተንሳፈፈ ያልፋል። ይኼኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ሲደፈርስ ነው ዓሣ የሚበላው! ትንሽ ይቆዩ!»

ይቆዩ አልኳቸው። ቪዲዮው ላይ አለ። ጥርት ብሎ ይሰማል።

ከበቆሎው ውስጥ አንድ ሰው ወንጭፉን እንደያዘ ብቅ አለ። ሞላ ይባላል፤ ስሙን በኋላ ነው የሰማሁት። በቆሎውን ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ነበር።

«እናንተ ሰዎች! ውጡ! ላይኛው አገር ቋሪት ዝናብ ሲጥል ነው ያደረ! ድምጡ አይሰማችሁም?»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አንድ ደመና የለም።

«እዚህ እኮ አልዘነበም» አልኩት። ለካሜራውም ፈገግ አልኩ።

«ወንዙ እዚህ ነው እንዴ የተወለደ?» አለኝ።

ያኔ ሰማሁት። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ከላይ፣ ከመታጠፊያው በኩል።

ውሃው ፊልም ላይ እንደምታዩት ግድግዳ ሆኖ አልመጣም። ዝም ብሎ ከፍ አለ። አባታችን ሆይ ተብሎ ሳያልቅ በድንጋዩና በዳሩ መካከል ያለው መሻገሪያ ጠፋ። የጋሽ ይበልጣል ዓሦች ተንሳፍፈው ሄዱ። ከዚያ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ያዘ።

አንድ ነገር ይጻፍልኝ፦ ገባሁ። «ጋሼ መጣሁ!» ብዬ ገባሁ።

ሦስት እርምጃ።

አራተኛው ላይ አዳለጠኝ። አሥራ አንዱም ኪስ ውሃ ሞላ! ተንከባለልኩ፣ ጠጣሁ፣ ብቻ የሆነ የአኻያ ሥር እጄ ገባ። ሙጭጭ አልኩበት።

ሞላ ወደ ጎጆው ሮጦ ገመድ ይዞ ተመለሰ። አንድ ገመድ። ዳር ቆሞ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ጋሽ ይበልጣል አየ። እሳቸው ጭናቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ የሚይዙት ነገር የለም። እኔ ሥር ይዣለሁ።

አሁን የምጽፈው ነው የቸገረኝ።

«እኔን! እኔን መጀመሪያ! እኔን!» አልኩ።

ሦስት ጊዜ። ድምፄ የሕፃን ነው። እንደዛ ያለ ድምፅ እንዳለኝም አላውቅም ነበር።

ጋሽ ይበልጣል ምን አሉ መሰላችሁ? ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠሩ፣ ሳይጮኹ፦ «ወንድሜ፣ ልጁን አውጣው። ዋና አይችልም።»

አዎ አልችልም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የውሃ ነፍሳት ሊያሳዩን ወንዝ ይዘውን ወርደው፣ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አልረሱትም።

ሞላ ገመዱን ወረወረልኝ። ጎትቶ አወጣኝ።

ቪዲዮውን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እግሬን ዘርግቼ ብቆም ኖሮ ውሃው ወገቤ ላይ ነበር። ወገቤ ላይ!

ገመዱ ወደ ጋሽ ይበልጣል መጀመሪያ ሲወረወር አልደረሰም። ሁለተኛ ጊዜም ውሃው አሳለፈው። በሦስተኛው ያዙት። ወገባቸው ላይ አሰሩት፤ ገና ቋጥረው ሳይጨርሱ ውሃው ከድንጋዩ ላይ አነሳቸው።

ጠፉ።

ቀይ ውሃ ብቻ። ሽበታቸው እንኳ አይታይም። እኔ ከሞላ ኋላ ሆኜ ገመዱን እጎትታለሁ፣ እጎትታለሁ። መዳፌ ተልጧል፤ ስጽፍ ያመኛል። ስለት ተስያለሁ፣ ለየትኛው ታቦት እንደተሳልኩ አላስታውስም። ለሁሉም ይመስለኛል።

መጀመሪያ እጃቸው ወጣ። ከዚያ ራሳቸው። ጫማ የላቸውም። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ብዙ ሳሉ። ያ ሳል ደስ ሲለኝ!

ሞላ እያለከለከ ወደ ስልኬ ሄደ። ትክ ብሎ አያት።

«ይቺ ስታይ ነበር?»

«አዎ» አልኩት።

«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አለና ፊቷን ወደ መሬት ደፋት።

ጎጆው ደጃፍ ላይ እሳት አነደደልን፤ ጋቢውን ለጋሽ ይበልጣል አለበሳቸው። ለእኔ የሚለበስ አላመጣም። እኔም አልጠየቅኩም።

ጋሽ ይበልጣል እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው፣ «ትላንት አልመጣህም፤ አይደል?» አሉኝ።

«አልመጣሁም ጋሼ።»

«ከየት አመጣኸው ታዲያ?»

ነገርኳቸው። ስለ ፈረንጁ፣ ስለ ሞቃቱ ባሕር፣ ስለ መጸው ዓሣው። ሲሰሙኝ አላቋረጡኝም። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት?

«ባሕር ባለበት ነው። ወንዝ ግን መንገደኛ ነው፤ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ይኸን ያስተማርኩህ መስሎኝ ነበር።»

ጥፋቱን ለራሳቸው ወሰዱት! ይኼን እንዴት አድርጌ ልቻለው?

«ጻፈው» አሉኝ ስንነሳ። «እንደሆነው አድርገህ ጻፈው። ዓርብ የጻፍከውን አምኖ ነገ የሚመጣ ሰው አለ።»

የሞላን ጫማ አድርገው፣ ደግፌ ቤታቸው አደረስኳቸው። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ሰብለ ናት። አባቷን እንደዛ ስታይ እሪ አለች። ከዚያ ዞራ እኔን አቀፈችኝ።

እኔን!

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር! እናታችን ከሞተች ወዲህ አባዬን ደጅ ያወጣው ያንተ ፔጅ ነው። ዛሬም አንተነህ ካለ ብዬ ነው ልቤ ያረፈ።»

ላይቩን አላየችም። የምገባበት ጠፋኝ። ጋሽ ይበልጣልን አየኋቸው፤ አሁን ይነግሯታል ብዬ።

«ደረቅ ልብስ ስጪው» አሏት። ሌላ ምንም።

ሹራባቸውን ለብሼ ወጣሁ። ባጃጅ መያዣው ጋ ስደርስ ግን ከተማው ሁሉ አይቶታል። የመጀመሪያው ሹፌር ወንበሩን መታ መታ አድርጎ፦

«ካፒቴን፣ ና! አንተን መጀመሪያ!»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሽንዲ የምትሄድ ነጋዴ ሳይቀር፣ ዕቃዋን ጥላ ሳቀች።

ተሳፈርኩ። ምን ላድርግ?

ሱቅ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት፣ ወንዝ ሳልወርድ የጻፍኳቸውን ሪፖርቶች ማጥፋት ነው። ሳጠፋ፣ ሳጠፋ፣ የቀረው አምስት ሆነ። የሁለት ዓመት ካፒቴንነት አምስት ሆኖ ተገኘ! ነገ ወንዝ ልትወርዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፦ ስለ ብር ወንዝ ምንም አላውቅም። ዳሩ ላይ የሚኖሩትን ጠይቁ። ላይ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ዘመድ ካላችሁ ደውሉና «ዘነበ ወይ?» በሉ።

ይኼን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለሰብለ ላክሁላት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ። አንብባዋለች፤ ምልክቱ ይታያል። መልስ የለም። ካነበበችው አንድ ሰዓት አልፎታል።

ቪዲዮው ስር «እኔ ብሆን ሽማግሌውን ነበር የማስቀድመው» ብላችሁ የጻፋችሁትን አንድ በአንድ አነበብኩ። ብዙ ናችሁ። ልክም ናችሁ።

ግን ታውቃላችሁ? ትላንት ዓርብ ብትጠይቁኝ፣ እኔም እንደዛው ነበር የምላችሁ።