ዜማ ያለው ብረት

ያገለገለ መኪና ስትገዛ የሰው ዕቃ አብሮ ይመጣል። ከወንበር ሥር ማበጠሪያ ታገኛለህ፣ አንድ እግር ጫማ ታገኛለህ። እኔ ያገኘሁት ቴፑ ውስጥ የተቀረቀረ ሲዲ ነው። በወረንጦ ብል፣ በቢላ ብል፣ አልወጣ አለ። ሬዲዮው ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ በሚኒባሷ ከመርሳ ወልድያ ተሳፋሪ ጭኜ ስመላለስ ያለኝ ምርጫ ወይ ሲዲው ነው፣ ወይ ዝምታ። ዝምታን መረጥኩ።

ለምን አትለኝም? አንድ ቀን ሲሪንቃ ጋ ስደርስ ከፈትኩት። ሰውየው ይዘፍናል እንዳልል ያጓራል። ከበሮው ድንጋይ የሚያራግፍ ገልባጭ ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ ይሄን ሰው ጠበል የሚወስደው ዘመድ የለውም?" አሉ። ዘጋሁት። አምባሰል በሚወረድበት አገር ይሄን ማሰማት ነውር ነው ብዬ ተኮፈስኩ። እውነቱን ልንገርህ? እኔ አንዲት ትዝታ እንኳ አስተካክዬ አላወርድም። መኩራት ግን ማን ከልክሎኝ!

ከዚያ ጦርነቱ መርሳ ገባ። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች መኪና ይወስዳሉ ሲባል፣ የሚኒባሷን አራት ጎማ ፈትቼ ጭድ ክምር ውስጥ ደበቅኩና እሷን ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ጎረቤቴ ጋሽ አበጋዝ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፣ "ባትሪውንም ደብቀው" ብለው መክረውኝ ነበር። ነገ ነገ እያልኩ ተውኩት።

ቤት መቀመጥ ሲሰለቸን ከጋሽ አበጋዝ ጋር ሚኒባሷ ውስጥ እንቀመጣለን። ጎማ በሌለው መኪና ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ መሪ ይዞ! አንድ ቀን ከባድ መሣሪያው ከወልድያ በኩል ሲያጓራ ዋለ። ጋሽ አበጋዝ፣ "እስቲ ያንን እብድህን ክፈተው። ቢያንስ እሱ ሰው አይገድልም" አሉ።

ቁልፉን ግማሽ ዙር አዞርኩ። እሳቸው የሲዲውን ሽፋን ከመሪው ጎን ካለው ኪስ አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። በረዶ ላይ የቆሙ፣ ፀጉራቸውን ያስረዘሙ፣ የተኮሳተሩ አምስት ሰዎች። "ሜሎዲክ ሜታል ይላል። ዜማ ያለው ብረት እንበለው። ከመጀመሪያ አልበማቸው እስከ መጨረሻው፣ በየተራ የተመረጠ ነው።"

"ብረት ምን ዜማ አለው ጋሼ?"

"ዝም ብለህ አትሰማም!"

ሰማሁ። ከጩኸቱ ሥር ሁለት ጊታሮች ጎን ለጎን እያለቀሱ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ልብ አላልኳቸውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ። ባትሪው እንዳያልቅ የጋሽ አበጋዝን ሶላር ቀጠልኩለት፣ ድምፁንም ዝቅ አድርገን በየቀኑ አራት አራት ዘፈን እንሰማለን። ሰዎቹ ጆሯችን ላይ አደጉ። መጀመሪያ ላይ ከሁሉ ጋር የተጣሉ ጎረምሶች ናቸው። ስድስተኛው ዘፈን ላይ ጋሽ አበጋዝ፣ "ዘፋኙ ይሄኔ አግብቷል" አሉ። ዘጠነኛው ላይ ሌላ ዘፋኝ መጣ። "የድሮውስ?" ብዬ ደነገጥኩ። ስለ ገዛ ወንድሜ ሦስት ወር ወሬ ያልሰማሁ ሰው፣ ለማላውቀው ፈረንጅ ተጨነቅሁ። ከዚህ የባሰ ጅልነት አለ?

አንድ ጠዋት እየሰማን ሳለ ሦስት ታጣቂዎች የግቢውን በር ገፍተው ገቡ። ዘፈኑን ለመዝጋት እንኳ አልደረስኩም። አለቃቸው መስኮቱን አንኳኳ። "ጎማው የት አለ?"

ዘመናቸውን ሁሉ ተማሪ ሲዋሽ ሲቀጡ የኖሩት ጋሽ አበጋዝ ቀስ ብለው፣ "ከእናንተ በፊት የመጡት ጓዶች ወሰዱት፣ ልጄ" አሉ።

ሰውየው አመነ። አለማመንም አይችል፤ ጓዶቹን ያውቃቸዋል። ከዚያ ጆሮውን ወደ ቴፑ አዘነበለና ፊቱን አጨፈገገ። "ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?" አለኝ። ጠብመንጃ የያዘ ሁሉ የሙዚቃ አዋቂ ነው! ኮፈኑን አስከፍቶ ባትሪውን ነቀለና ተሸክሞ ሄደ። ጎረምሶቻችን ዐሥራ አንደኛው ዘፈን መሀል ላይ ዝም አሉ። ሚኒባሷ ተረፈች ብዬ መስገድ ሲገባኝ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዐሥራ ሁለተኛውን አሰብኩ። ጋሽ አበጋዝም "ባትሪውን ደብቀው ብዬህ አልነበር?" አላሉኝም። እሳቸውም እያሰቡት ነበር።

ታጣቂዎቹ ለቀው መብራት ሲመለስ፣ የሚስቴ ወንድም ተሾመ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጣ። ወንድሜ በሕይወት መኖሩን የነገረን እሱ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ያን ብቻ ተናግሮ ቢሄድ ጥሩ ነበር። ስለ ሲዲው ስናወራ ሰማና ሳቀብን። ስብስብ አልበም የሰነፍ ነው፣ እውነተኛ አድማጭ ሙሉውን ነው የሚሰማው፣ ተመርጦ የቀረበለት ሰው ምንም አልሰማም አለ። በሌላ ጊዜ ሲመለስ የባንዱን አልበሞች በሙሉ በፍላሽ ይዞ መጣ። ሦስት ቀን ጋሽ አበጋዝ ቤት ተቀምጠን ሰማን። የአንዱ ዘፈን መግቢያ ብቻ አንድ ስኒ ቡና ያስጨርሳል። አንዱ ላይ ደግሞ ነፋስ ብቻ ይነፍሳል።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ አበጋዝ መነጽራቸውን አወለቁ። "የመረጠው ሰው ይባረክ። የተወውን የተወው አውቆ ነው።"

ተሾመ ተናደደና ወሬ ቀየረ። "በሉ እሺ፣ ያን ጊዜ እዚህ ምን እንደሆነ ሙሉውን ንገሩኝ" አለ።

ከጋሽ አበጋዝ ጋር ተያየን።

"ሙሉውን ለማን ብለህ ነው?" አሉት። "የተመረጠውን እንነግርሃለን።"